ግብሩን የከፈለው ማን ነበር? የአዝቴክ ታሪክ ለቤኒሻንጉል ጥናት ያለው ትምህርት

በዓለም ታሪክ ትምህርታችን ውስጥ የአዝቴክ መንግሥት አወዳደቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በሁለት ሰዎች ስም ነው። በአንድ ወገን ንጉሡ ሞክቴዙማ፣ በሌላው ወገን የስፔኑ ጦር መሪ ኤርናን ኮርቴስ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ታሪኩም ያበቃል። የቤኒሻንጉል ታሪክ አተራረክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከመሐል አገር ዐፄ ምኒልክና ራስ መኰንን፣ ከአሶሳ ደግሞ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ይጠቀሳሉ፤ ዘመቻው ይነገራል፣ የግብሩ ወርቅ ይወሳል፣ ምዕራፉ ይዘጋል። በሁለቱም ትረካዎች ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበው፣ ጥጡን የፈተለው፣ ሸክሙን ተሸክሞ ተራራ የወጣው ማን ነበር? ጌታው ሲለወጥ ለእርሱ ምን ተለወጠለት?

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ነው። በግብር ላይ የቆመ መንግሥት በሌላ ኃይል ሲወረር ወራሪው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሥርዓት አይዘረጋም፤ የነበረውን የግብር መስመር ይረከባል፣ መስመሩን የሚያውቁትንም የአካባቢ ገዦች ያስቀጥላል። ስለዚህ የወረራን ውጤት ለመለካት ከቤተ መንግሥት ይልቅ ከግብር ከፋዩ ደጃፍ መነሣት ይሻላል። የሜክሲኮ ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ማድረግ የቻሉት የአገሬው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ የጻፉት መዝገብ ስላለ ነው። በእኛ ክልል ያለው ዕድል የተለየና በየዓመቱም እየጠበበ የሚሄድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በግብር የተሳሰረ መንግሥት

ዛሬ «አዝቴክ» የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩት ሜሺካ ብለው ነበር። የመንግሥታቸው መሠረት አልቴፔትል የሚባለው የከተማና የገጠር አንድነት ነው፤ ቃሉ «ውሃ» እና «ተራራ» ከሚሉ ሁለት የናዋትል ቃላት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ አልቴፔትል የራሱ አምላክ፣ የራሱ ገበያና የራሱ ገዥ ነበረው። ገዥው ትላቶአኒ፣ ማለትም «ተናጋሪው» ይባላል። ከእርሱ በታች መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ በታች ደግሞ ካልፑሊ በሚባሉ ሠፈሮች ተደራጅቶ መሬት የሚያርሰውና በተራ የሚያገለግለው ተራው ሕዝብ ይገኛል። ባሮችም ነበሩ፤ በዕዳ፣ በቅጣት ወይም በጦርነት ወደዚያ ደረጃ የወረዱ።

በ1428 ቴኖችቲትላን፣ ቴሽኮኮና ትላኮፓን የተባሉት ሦስት ከተሞች ኃይላቸውን አስተባብረው የጊዜውን ገናና ከተማ አስካፖሳልኮን ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 90 ዓመታት የሦስቱ ኅብረት፣ በተለይም ቴኖችቲትላን፣ ከባሕር እስከ ባሕር የሚደርስ የግብር ግዛት ገነባ። ይሁን እንጂ ድል የተደረገው አልቴፔትል ብዙውን ጊዜ አይፈርስም ነበር። ገዥው በቦታው ይቆያል፤ ልጁን ለጋብቻ ይሰጣል፤ ግብሩንም በተወሰነለት ጊዜ ያስገባል። ከወረራው በኋላ በ1540ዎቹ ገደማ የተሣለው የሜንዶሳ መዝገብ ይህን የግብር ሥርዓት በየአውራጃው ዘርዝሮ ያሳያል። በዚያ ላይ ኩታዎች፣ የካካዎ ፍሬ፣ የወፍ ላባ፣ በቆሎ፣ የጦር ልብስና በቅል የተሰፈረ የወርቅ ዱቄት በሥዕል ተቆጥረው ይታያሉ።

ለግብር አልገዛም ያለም ነበር። ከዋና ከተማዋ በስተምሥራቅ የምትገኘው ትላሽካላ ነፃነቷን ጠብቃ ኖረች፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ዙሪያዋን በጠላት ተከብባ ስለነበር ሕዝቧ ጨውና ጥጥ ማግኘት ተስኖት ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ይህን የጨው ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ቤኒሻንጉል ስንመለስ እንገናኘዋለን።

ድሉ የማን ነበር?

ኮርቴስ በ1519 ወደ ሜክሲኮ ጠረፍ ሲደርስ ይዞት የመጣው ሠራዊት 500 ገደማ ሰው ብቻ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 1521 ቴኖችቲትላን ስትወድቅ ግን ከተማዋን ከብቦ የነበረው ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የትላሽካላና የሌሎች አልቴፔትሎች ሰዎች ነበሩ። የአውሮፓ ብረትና ፈረስ ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም። በ1520 የገባው የፈንጣጣ ወረርሽኝም ከሞክቴዙማ ቀጥሎ የነገሠውን ኲትላዋክን ጨምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ጨርሷል። ሆኖም የግብሩ ቀንበር የመረራቸው ወገኖች ለወራሪው ባያብሩ ኖሮ ድሉ በዚያ መልኩ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ትላሽካላዎች ራሳቸውን እንደ ተሸናፊ አልቆጠሩም። በ1550ዎቹ ባሠሩት ታላቅ ሥዕል ውስጥ ራሳቸውን ያስቀመጡት በድል አድራጊነት ነው፤ ለስፔን ንጉሥም ደጋግመው ያሳሰቡት የአጋርነት ውለታቸውን ነበር። ከእነርሱ አንጻር 1521 የአንድ ሥልጣኔ ፍጻሜ ሳይሆን የአንድ አሮጌ ጠላት ፍጻሜ ነበር። የዚህን ስሌት ስሕተት ወይም ትክክለኛነት ለመፍረድ እኛ ዘግይተናል። ልንገነዘበው የሚገባው ግን «አዝቴኮች ተሸነፉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በውስጡ ስንት የተለያየ ሕዝብ እንደሚሰውር ነው።

ጌታው ሲለወጥ

ስፔናውያኑ ከድሉ በኋላ ካደረጓቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የግብር መዝገቡን መፈለግ ነበር። ኤንኮሚዬንዳ በተባለው ሥርዓት የአንድ አልቴፔትል ሕዝብ ግብርና ጉልበት ለአንድ ስፔናዊ ይሰጥ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን እዚያው የነበረው የአገሬው መኳንንት ነው። የሞክቴዙማ ልጅ፣ በክርስትና ስሟ ዶኛ ኢሳቤል፣ በ1526 የትላኮፓንን ግብር ተሰጥታለች። የድሮው ንጉሥ ልጅ በአዲሱ ንጉሥ ሥር ግብር ተቀባይ ሆነች ማለት ነው። ለትላኮፓን ገበሬ ይህ ምን ያህል ለውጥ ነበር?

ለውጥ አልነበረም ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ቤተ መቅደሶች ፈርሰዋል፤ ሃይማኖት ተለውጧል፤ ከሁሉም በላይ ሕዝቡ አልቋል። በ1545 እና በ1576 የተነሡት ወረርሽኞች ከፈንጣጣው ቀጥለው ማዕከላዊ ሜክሲኮን ባዶ አድርገዋታል። ከወረራው በፊት የነበረው የሕዝብ ብዛት እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም፣ በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ክፍል መጥፋቱ አያከራክርም። የግብሩ ሥርዓት ጭካኔ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ከፋዩ በግማሽ ሲቀንስ የተተመነው ግብር በዚያው ልክ ወዲያው አልቀነሰም። የሞቱትን ድርሻ የተረፉት ተሸከሙ።

ቤላ ሻንጉል፦ ወርቅ፣ ጨውና ሰው

አሁን ወደ አባይ ሸለቆ እንመለስ። «ቤኒሻንጉል» የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ አፍ የተለወጠ ነው፤ መነሻው «ቤላ ሻንጉል» ሲሆን፣ ቤላ በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ወይም ዐለት ማለት እንደሆነ ይተረጎማል። ሜሺካዎች አገርን በውሃና በተራራ እንደሰየሙ ሁሉ በርታዎችም በዐለት ሰይመዋል።

የአካባቢው ወርቅ ከጥንት ጀምሮ የሩቅ ኃያላንን ዓይን ስቧል። የሴናር የፉንጅ ሱልጣኖች ተጽዕኖ እዚህ ይደርስ ነበር። በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ሴናርን ሲይዝ ከዓላማዎቹ ሁለቱ ወርቅና ለጦሩ የሚሆኑ ባሮች ነበሩ። መሐመድ ዓሊ ራሱ በስተርጅናው በ1838 መጨረሻ ወርቁን ለማየት እስከ ፋዙግሊ ድረስ ተጉዟል። ከምሥራቅ ደግሞ የደጋው ነጋዴ አሞሌ ጨው ይዞ በወለጋ በኩል ይመጣ ነበር። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪውልዚ በ1981 ስለ ቤላ ሻንጉል ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ጨውንና ወርቅን ከሥልጣን ቅቡልነት ጋር አጣምረው ያስቀመጡት ያለምክንያት አይደለም። ትላሽካላን ጨው በመከልከል ማስጨነቅ እንደተቻለ ሁሉ በዚህም አገር የጨውን መንገድ የያዘ ሰው ሥልጣን ነበረው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን የበርታ ባላባቶችን ልጆች እያገቡ ከዘሩ ጋር ተዋሐዱ። ወጣዊጥ በመባል የሚታወቀው የገዦች ወገን የመጣው ከዚህ ጋብቻ ነው። ቃሉ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ሲሆን፣ ወፍም አይጥም ያልሆነ ፍጡርን በማሰብ ከሁለት ወገን ለተወለዱት የተሰጠ ስም ነው። በመቶ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ሦስት ሼሆች ጎልተው ወጡ፦ በቤላ ሻንጉል አብዱራህማን፣ በሖሞሻ ማሕሙድ፣ በዛሬዋ አሶሳ አካባቢ በምትገኘው አቆልዲ ደግሞ ሆጀሌ አልሐሰን።

ሼሆቹና ግብሩ

ዐፄ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን እስከ ካርቱም አድርሰው አሳውቀው ነበር። በ1897 እና በ1898 ራስ መኰንን የመሩት ዘመቻ ሦስቱን ሼሆች አስገበረ። ከዘማቹ ጋር ከወለጋ ቀድመው የገበሩት የነቀምቱ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርና የቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉም ነበሩ። አዲስ ኃይል በመጣ ጊዜ ጎረቤት በጎረቤት ላይ የሚሰለፍበት ሁኔታ የትላሽካላ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የወሰን ስምምነት ደግሞ ቤላ ሻንጉልን ከኢትዮጵያ ወገን አጸናው።

አብዱራህማንና ሆጀሌ ታስረው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ ነው። ሆጀሌ ተለቅቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ቀስ በቀስም ከሌሎቹ ሼሆች በላይ ሆነው በግብር ሰብሳቢነት የአካባቢው ታላቅ ገዥ ለመሆን በቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው እንደሆነ ይነገራል። በሰሜን፣ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በቆመበት በጉባ፣ ሐምዳን አቡ ሾክም በተመሳሳይ መንገድ የንጉሠ ነገሥቱን የበላይነት ተቀብለው በአገራቸው ላይ ገዥ ሆነው ቆይተዋል። ዶኛ ኢሳቤል በትላኮፓን እንደሆነችው፣ የአሮጌው ሥርዓት ሰዎች የአዲሱ ሥርዓት ምሰሶዎች ሆኑ።

ግብሩ በወርቅ ይከፈል ነበር፤ በሰውም ይከፈል ነበር። ይህን መሸፋፈን ታሪክን አይጠቅምም። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች የተነጠቁ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ቤት፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ለሱዳን ገበያ ይሄዱ ነበር። የሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና ከዚህ ንግድ ጋር በተያያዘ በ1928 በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር መታሰራቸው የተመዘገበ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በ1924 እና በ1931 አዋጆች ታወጁ፤ ሕጋዊ ፍጻሜውን ያገኘው ግን በ1942 ነው። ሼህ ሆጀሌ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብለው በ1938፣ አገሪቱ በጣሊያን እጅ ሳለች አርፈዋል።

የአውሮፓ ወረራ ወደ አሶሳ በቀጥታ የደረሰው በዚያ ዘመን ነው፤ ፍጻሜውም ሌላ ትምህርት ይዟል። ማርች 11 ቀን 1941 አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቀው ጦር ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ነበር። መኮንኖቹ ቤልጅጎች፣ ወታደሮቹ ግን ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ኮንጎዎች ናቸው። ተገዥ ሕዝብ ለሌላው ወራሪ መውደቅ መሣሪያ የሆነበት ጊዜ በቴኖችቲትላን ግድግዳ ሥር አልቆመም፤ አሶሳ ድረስ መጥቷል።

ንጽጽሩ የሚቆምበት ቦታ

ይህን የሚያነብ ሰው ሁለት ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «ምኒልክን ከኮርቴስ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም» የሚል ነው። ልዩነቱ በእርግጥ ሰፊ ነው። ምኒልክ ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡ ባዕድ አልነበሩም፤ ደጋውና ቆላው ከዘመቻው በፊት በንግድ ተሳስረው ኖረዋል። በቤኒሻንጉል እንደ ሜክሲኮ ያለ ሕዝብ የጨረሰ ወረርሽኝ ከዘመቻው ጋር አልመጣም። የሼሆቹ እስልምናም አልተነካም። በዚያን ጊዜ አካባቢውን ለመያዝ ማሕዲስቶችም እንግሊዞችም ያሰፈሰፉ ስለነበር ምርጫው በነፃነትና በመገበር መካከል ብቻ አልነበረም። እዚህ የሚነጻጸረው ግን የነገሥታቱ ማንነት ወይም የሞራል ደረጃቸው አይደለም፤ ግብር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሁለት ወፍጮዎች የተለያየ እህል ቢፈጩም አሠራራቸውን ማወዳደር ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህኛው ተቃራኒ ነው፦ «የሼሆቹን ድርሻ ማንሣት የመሐል አገሩን ጥፋት ማቅለል ይሆናል» የሚል። ይህም አያስኬድም። የቴኖችቲትላን ግብር ከባድ እንደነበር መናገር የስፔናውያንን ግፍ አያቀልም፤ የሆጀሌን ድርሻ መናገርም ግብሩን ተቀብሎ የተጠቀመውን ቤተ መንግሥት ነፃ አያወጣም። እንዲያውም በደሉ በሁለት እጅ መፈጸሙን ካልተናገርን፣ ከሁለቱ እጆች በታች የነበረውን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እንሰውረዋለን።

ቃላቱ የማን ናቸው?

በአማርኛ የታሪክ ድርሳኖቻችን ለዚህ ዓይነቱ ዘመቻ የምንጠቀምበት ቃል «አገር ማቅናት» ነው። ቃሉ ሲሰማ ለስላሳ ነው፤ የተጣመመ ነገር ተስተካከለ ይላል። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ በ1573 ባወጡት ደንብ «ወረራ» የሚለው ቃል ቀርቶ በምትኩ «ማረጋጋት» እንዲባል አዘዋል። ቃል የሚመርጠው ያሸነፈው ነው፤ የቀናው ሰው መቅናቱን በምን ቃል እንደሚጠራው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በአሮጌ ሰነዶቻችን ውስጥ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦውና ኮሞው በየስማቸው አለመጠራታቸው፣ ይልቁንም በአንድ የንቀት ስም መጠቅለላቸው የዚሁ ነጸብራቅ ነው።

ይህ የአውሮፓውያን ብቻ ልማድ እንዳልሆነም ሜክሲኮ ታስተምረናለች። ከ1428ቱ ድል በኋላ የቴኖችቲትላኑ ንጉሥ ኢትስኮአትል የቀድሞዎቹ የታሪክ ጽሑፎች እንዲቃጠሉ ማዘዛቸውን የአገሬው ሽማግሌዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ስፔናውያን ቀሪውን ከማቃጠላቸው በፊት የሜሺካ መንግሥት የሌሎችን ትዝታ በእሳት አጽድቶ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ታዲያ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ግብር ከፋዩን እንዴት ሊያገኙት ቻሉ? መልሱ አጭር ነው፤ ናዋትል ተጻፈ። በ1536 በትላቴሎልኮ የተከፈተው ኮሌጅ የመኳንንቱን ልጆች የላቲን ፊደል አስተማረ። ወጣቶቹ ፊደሉን ይዘው መነኮሳቱ ያላሰቡትንም ጻፉበት። ትላሽካላ የከተማ ምክር ቤቷን ቃለ ጉባኤ በናዋትል መዘገበች፤ ተራ ሰዎች ኑዛዜያቸውንና የመሬት ክርክራቸውን አሰፈሩ፤ መንደሮች በበደለኛ ሹም ላይ አቤቱታ ጻፉ። መነኩሴው ቤርናርዲኖ ዴ ሳአጉን ከእነዚሁ ተማሪዎች ጋር ያዘጋጁት 12 መጽሐፍ ያለው ታላቅ ሥራ የወረራውን ታሪክ በናዋትል ይዟል፤ ሽማግሌዎቹ ምስክርነታቸውን መስጠት የጀመሩት ከተማዋ ከወደቀች ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። ጄምስ ሎክሃርትን የመሰሉ ተመራማሪዎች ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ የናዋዎችን ኑሮ ከውስጥ ሆነው ሊጽፉ የቻሉት በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

የእኛ ርቀት

ከ1898ቱ ዘመቻ እስከ ዛሬ ከ120 ዓመት በላይ ሆኗል። የሆጀሌን ግብር በገዛ ጀርባው የተሸከመ ሰው ዛሬ በሕይወት ሊገኝ አይችልም። የሚገኘው አባቱ ወይም አያቱ የነገሩት ሰው ነው፤ እርሱም አርጅቷል። ስለ ቤኒሻንጉል ዋጋ ያላቸው ጥናቶች ተጽፈዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የተመሠረቱት በመንገደኞች ማስታወሻ፣ በሱዳን የእንግሊዝ ሹማምንት ሪፖርትና በቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች ላይ ነው። ቃለ መጠይቅ በተደረገበትም ጊዜ ቃሉ ወደ አማርኛ፣ ወደ ዐረብኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይጠቀሳል እንጂ ሽማግሌው በተናገሩበት ቋንቋ ለአንባቢ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ከላይ ያየነው ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ያክላል፦ የሚወረሰው ጸሐፊው ለመጻፍ የፈለገው ነው። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ስንት ወቄት ወርቅ እንደገባ ይጽፋል፤ ያን ወቄት ለመሙላት አንዲት ሴት ስንት ቀን ወንዝ ውስጥ ቆማ እንደዋለች አይጽፍም። ወርቅ ማጠብ ዛሬም በክልላችን ወንዞች የሚሠራ ሥራ ነው። የሥራው ስም፣ የመሣሪያው ስም፣ የመስፈሪያው ስም በበርታና በጉሙዝ ቋንቋዎች አለ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የግብር ትዝታ ተደብቆ ይገኝ እንደሆነ መፈተሽ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ከትላቴሎልኮ ጋር የሚያገናኘን ተስፋ አለ። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰጠት ጀምረዋል። የእነዚህ ሕዝቦች ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መጻፍ የሚማሩ የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየደረሱ ነው። የሚያሳስበው ጥያቄ መጻፍ መቻላቸው ሳይሆን የሚጽፉት ነገር ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚጻፍበት ቋንቋ ምስክርነት የሚሰጥበት ቋንቋ ሳይሆን ይቀራል።

ስለዚህ የታሪክና የቋንቋ ድኅረ ምረቃ ክፍሎቻችን ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ የሰበሰበውን የቃል ምስክርነት በተነገረበት ቋንቋ ጽፎ፣ ትርጉሙን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ድምፁንም ጭምር እንዲያስረክብ ይደረግ። ቅጂው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በአሶሳ፣ ከተቻለም ምስክርነቱ በተሰጠበት ወረዳ ይቀመጥ። ጥያቄዎቹ «ማን ነገሠ?» ከሚለው አልፈው «ምን ይከፈል ነበር? ማን ሰፈረው? ማን ተሸከመው? ያልቻለ ሰው ምን ይሆን ነበር?» ወደሚሉት ይውረዱ። ምስክሮቹም ከአንድ ወገን አይሁኑ፤ የሼሆቹ ዘሮች፣ የበርታና የጉሙዝ ገበሬዎች፣ ማኦዎችና ኮሞዎች፣ የወለጋ ኦሮሞዎች፣ ከድንበሩ ማዶም ያሉት ይካተቱ። ምስክርነቶቹ እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው አይቀርም። የትላሽካላ ሥዕልና የቴኖችቲትላን ሽማግሌዎች ቃልም አይስማሙም፤ የሜክሲኮ ታሪክ ጥልቀት ያገኘው ከዚያ አለመስማማት ነው።

ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው ግጭትና መፈናቀል ስለ አሮጌ በደል መጠየቅን አስፈሪ አድርጎታል፤ የአያት ጠብ ለልጅ ልጅ ጥይት ይሆናል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ያልተጠየቀ በደል የሚጠፋ አይመስለኝም፤ ይልቁንም ምስክር የሌለው ስለሆነ ማንም እንደፈለገ የሚያጋንነው ወሬ ይሆናል። በስም፣ በቦታና በመጠን የተመዘገበ ግብር ግን ከወሬ ይልቅ ለመነጋገር ይመቻል። በመዝገቡ ውስጥ ከፋዩ በርታም፣ ጉሙዝም፣ ማኦም፣ የወለጋ ገበሬም ሆኖ ሲገኝ፣ የዛሬ ጎረቤታሞች አያቶቻቸው በአንድ ሸክም ሥር እንደነበሩ የማየት ዕድል ያገኛሉ።

የሜንዶሳ መዝገብ ሠዓሊዎች በቅል የተሰፈረውን የወርቅ ዱቄት ቆጥረው አስቀምጠውልናል፤ ቅሉን የሞላው ሰው ግን በዚያ ገጽ ላይ የለም። እርሱን ለማግኘት የናዋዎችን ኑዛዜና አቤቱታ መክፈት አስፈልጓል። በእኛ በኩል ኑዛዜው ገና አልተጻፈም። በሖሞሻ፣ በመንጌ፣ በኩርሙክና በጉባ፣ አያቶቻቸው የነገሯቸውን የሚያስታውሱ አዛውንት አሁንም አሉ፤ ቋንቋቸውን የሚጽፍ ወጣትም አለ። ሁለቱ በአንድ ዘመን የሚገናኙበት ጊዜ ግን ረጅም አይደለም።